ከሞንታርቦ እስከ ዎፈር፦ መኪናችን እንዴት ድምፅ አወጣ?



የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት። ስለ መኪና አምፕሊፋየር ነው። "የታሪክ መምህር ሆነህ ስለ አምፕሊፋየር ምን አገባህ?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ታሪክ የነገሥታትና የጦርነት ብቻ አይደለም እያልኩ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ነግሬያችኋለሁ? በየቀኑ የምንሳፈርባት ሚኒባስም ታሪክ አላት።

ነገሩን ያነሳሁት በከተማችን ክርክር ስለሆነ ነው። ቆሰበር ላይ ሚኒባሱ ቀርቶ ባጃጁም አምፕሊፋየርና ዎፈር እያስገጠመ ነው። ሾፌሮቹ "ሙዚቃ ከሌለ ተሳፋሪ አይመርጠንም" ይላሉ። ተሳፋሪው "ጆሯችን አለቀ" ይላል። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። እኔ ግን ከመፍረዳችን በፊት ይህ ዕቃ ከየት እንደመጣ፣ እኛ ጋ ሲደርስም ምን እንደሆነ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ።

የምለውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የመኪና ሙዚቃ ፈረንጅ አገር የተሠራው ለአንድ ባለመኪናና ለቤተሰቡ ነው። እኛ አገር ግን አብዛኛው ሰው መኪና የሚያውቀው ተሳፍሮ ነው። መኪናው የጋራ ስለሆነ ድምፁም የጋራ ሆነ። በረከቱም ጣጣውም የመጣው ከዚህ ነው።

▪️ መጀመሪያ የነበረው ችግር

አምፕሊፋየር ምንድን ነው? ከራዲዮ፣ ከካሴት ወይም ከፍላሽ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ምልክት በጣም ደካማ ነው፤ ስፒከር መግፋት አይችልም። አምፕሊፋየር ከባትሪው ጉልበት ወስዶ ያንን ደካማ ምልክት ያጎለብተዋል። ስለዚህ ትንሿ የእጅ ራዲዮ ውስጥም አምፕሊፋየር አለ። ራሱን ችሎ፣ ሳጥን ሆኖ መኪና ውስጥ መግባቱ ነው በኋላ የመጣው።

አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት እ.ኤ.አ በ1906 አምፖል የምትመስል የመስታወት ቫልቭ ሠራ። ደካማ ምልክት ማጎልበት የተቻለው በዚህች ቫልቭ ነው። ራዲዮ ከዚያ በኋላ በየቤቱ ገባ። መኪና ውስጥ ማስገባት ግን ሌላ ራስ ምታት ነበር።

እ.ኤ.አ በ1930 ቺካጎ ውስጥ ፖል ጋልቪን የሚባል ሰው ትንሽ ፋብሪካ ነበረው፤ ገበያው ወድቆ ሊዘጋ ደርሷል። እሱና ባልደረቦቹ ለመኪና የሚሆን ራዲዮ ሠሩ፤ ስሙንም "ሞተሮላ" አሉት። አዎ፣ በኋላ በሞባይል ስልክ የምናውቀው ሞተሮላ መነሻው የመኪና ራዲዮ ነው። ዋጋው ከ110 እስከ 130 ዶላር ነበር። በዚያን ጊዜ ርካሹ አዲስ ፎርድ መኪና ከ500 ዶላር በታች ይሸጥ ስለነበር ራዲዮው የመኪናውን ሩብ ያህል ያወጣ ነበር ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ያ ዓመት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ንጉሥ ተፈሪ "ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ" ተብለው ዘውድ የጫኑበት ዓመት ነው።

የጋልቪን ሰዎች ሁለት ችግር ገጠማቸው። አንደኛው ጉልበት ነው። የዚያን ዘመን መኪና ባትሪ 6 ቮልት ብቻ ሲሆን ቫልቮቹ ግን ከመቶ ቮልት በላይ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከመኪናው ወለል ሥር ተጨማሪ ባትሪዎች ይቀበሩ ነበር። ሁለተኛው ጩኸት ነው። ካንዴላው እሳት በረጨ ቁጥር ራዲዮው ውስጥ ይንጫጫል። ይህንን ለማፈን በካንዴላው መስመር ላይ ማፈኛ እየገጠሙ ብዙ ደከሙ። ጋልቪን ብድር ለማግኘት ሲል ለአንድ የባንክ ሰው መኪና ራዲዮ አስገጥሞለት፣ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ መኪናው እሳት ተነሳበት ተብሎም ይተረካል። ትረካው እውነትም ሆነ የተጋነነ፣ ሽቦና ባትሪ የሚያገናኝ ሁሉ ቢያስታውሰው ይጠቅመዋል።

የጉልበቱ ችግር ትንሽ ቆይቶ መላ ተገኘለት። የባትሪውን 6 ቮልት በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየቆራረጠ ወደ ትራንስፎርመር የሚልክ፣ የሚነዝር መሣሪያ ተሠራ። ትራንስፎርመሩ የተቆራረጠውን ጉልበት ወደ ከፍተኛ ቮልት ያሳድገዋል። ተጨማሪ ባትሪ መቅበር ቀረ። ይህችን "ቆራርጠህ አሳድግ" የምትል ዘዴ ያዟት፤ ታሪኩ መጨረሻ ላይ እንደገና ታገኙዋታላችሁ።

▪️ እኛ ዘንድ ቀድሞ የመጣው ወደ ውጭ የሚጮኸው ነው

አሁን ወደ ጎጃም እንምጣ። አሜሪካኖቹ የመኪና ውስጥ ሙዚቃን ሲያሻሽሉ፣ እኛ አገር የድምፅ ማጉያ ሥራ ሌላ ነበር፤ ሕዝብ መጥራት፣ ማወጅ፣ ጠላትን ማሳመን።

በ1933 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ በኦሜድላ በኩል ገብተው በጎጃም ነው የመጡት። በእንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዲዮን ጦርና የጎጃም አርበኞች አብረው ነበሩ። በየካቲት ወር ዳንግላና እንጅባራ የነበረው የጣሊያን ጦር ለቆ ወጣ፤ የጌዲዮን ጦርም ከዚሁ ከእንጅባራ ተነስቶ ነው ወደ ቡሬ ያቀናው። ይህን ሁላችሁም ተምራችኋል። ብዙ የማይነገረው ከጦሩ ጋር የፕሮፓጋንዳ ክፍል እንደነበረ ነው። ኃላፊው ጆርጅ ስቲር ይባላል፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አዲስ አበባ ሆኖ ለእንግሊዙ "ዘ ታይምስ" የዘገበ፣ በኋላም የስፔኗን ጌርኒካ መደብደብ ለዓለም ያሰማ ጋዜጠኛ ነው። ክፍሉ በአማርኛ "ባንዲራችን" የሚል ጋዜጣ ያሳትም፣ በራሪ ወረቀት ይበትን ነበር፤ በድምፅ ማጉያም ለጣሊያን የተሰለፉትን የእኛን ሰዎች "ኑ፣ ወደ ወገናችሁ ግቡ" እያለ ይጣራ ነበር።

እስቲ አስቡት፤ ዕቃው በአብዛኛው በግመልና በበቅሎ በሚሄድበት ዘመን፣ መድፉ ሳይበቃ ድምፅ ራሱ መሣሪያ ሆነ። በዚህ በእኛ ምድር አምፕሊፋየር መጀመሪያ የሠራው ለዘፈን ሳይሆን ለጦርነት ነው ማለት ይቻላል።

ከነፃነት በኋላም አዲስ አበባ ላይ በየአደባባዩ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ሕዝብ ተሰብስቦ ራዲዮ ያዳምጥ ነበር። ራዲዮ ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር አንዱ ማጉያ ለመቶ ሰው ይሠራል። የጋራ ማዳመጥ ከሚኒባሱም በፊት የነበረ ልማዳችን ነው።

ከዚያ ሞንታርቦ መጣ። ይህ ቃል የአንድ የጣሊያን የድምፅ መሣሪያ አምራች ስም ነው። ሦስት ጎማዋን ሁሉ "ባጃጅ" እንደምንላት፣ ማንኛውንም ትልቅ ድምፅ ማጉያ "ሞንታርቦ" አልነው። ሞንታርቦ በመኪና ጣራ ላይ ሲጫን ደግሞ ተንቀሳቃሽ አዋጅ ነጋሪ ሆነ። ሎተሪ የሚሸጠው መኪና በዘፈን ይዞራል። ክትባት ሲመጣ፣ ምርጫ ሲደርስ፣ ስብሰባ ሲጠራ፣ አዲስ አልበም ሲወጣ፣ የስብከት ጉባኤ ሲዘጋጅ ሁሉም በሞንታርቦ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም ኮሮና አገራችን መግባቱ ሲነገርም "እጃችሁን ታጠቡ፣ ተራራቁ" የሚለውን ብዙ ሰው የሰማው በመንገድ ላይ ከሚያልፍ መኪና ነው። ስማርት ስልክ ለሌላት ገበያተኛ እናት መረጃው የደረሳት በአምፕሊፋየር ነው። ስለዚህ "ጩኸት ብቻ ነው" ብሎ መዝጋት ተገቢ አይመስለኝም።

▪️ ካሴት ሲመጣ ድምፁ ወደ ውስጥ ዞረ

ዘፈን መኪና ውስጥ እንዴት ገባ? ሸክላ እያለ አይታሰብም። አሜሪካ ውስጥ ክራይስለር የተባለው የመኪና ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1956 መኪና ውስጥ ሸክላ የሚያጫውት መሣሪያ ገጥሞ ሞክሮ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ቀረ። አስፋልት ላይ ያልሆነ ነገር በእኛ ጠጠር መንገድ ላይ ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ።

ሁለት ነገሮች መንገዱን ከፈቱ። አንደኛው ትራንዚስተር ነው። እ.ኤ.አ በ1947 ቤል ላብራቶሪ ውስጥ ተፈለሰፈ፤ በ1955 ደግሞ ክራይስለርና ፊልኮ ቫልቭ የሌለው፣ ሙሉ በሙሉ በትራንዚስተር የሚሠራ የመኪና ራዲዮ አወጡ። ትራንዚስተር እንደ ቫልቭ መቶ ቮልት አይጠይቅም፤ በመኪናው ባትሪ ይሠራል። ሁለተኛው ካሴት ነው። የሆላንዱ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ በ1963 አወጣው፤ መኪና ቢዘልም ቢንገጫገጭም ካሴት መጫወቱን አይተውም።

በዚያው ዘመን የእኛ ሙዚቃ ወርቃማ ጊዜ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ በተሰጠበት ጊዜ፣ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት እ.ኤ.አ በ1969 ደፍሮ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር አሳትሞ አመጣ። ከእሱ ቀጥሎ አሊ ታንጎ በሚባል ስም የሚታወቁት አሊ አብደላ ካይፋ መጡ። ደርግ ከገባ በኋላ የሰዓት እላፊው ለዓመታት ሲቀጥል የሌሊት ጭፈራው ቀዘቀዘ፤ የሸክላ ኅትመትም ቆመ። ዘፈኑ ግን አልሞተም፤ ካሴት ውስጥ ገባ። ካሴት ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይቀዳል፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። ሾፌር ኪስ ውስጥም ጭምር!

እዚህ ላይ ነው የእኛ ታሪክ ከአሜሪካኖቹ የሚለየው። አሜሪካዊው መኪናው ውስጥ የሚያዳምጠው ለራሱ ነው። በእኛ መንገድ ግን አንድ ሾፌር አንድ ካሴት ሲያስገባ አውቶብስ ሙሉ ሰው ይሰማል። ከአዲስ አበባ የተነሳ አውቶብስ ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ቡሬን አልፎ ቆሰበር ሲቆም፣ አዲሱ ዘፈን አብሮ ይወርዳል። ሻይ ቤቱ ይሰማዋል፤ ጫኝና አውራጁ ያንጎራጉረዋል፤ በማግስቱ ሙዚቃ ቤቱ ባዶ ካሴት አምጡና ልቅዳላችሁ ይላል። ራዲዮ የራሱ ሰዓት አለው፤ ሾፌሩ ግን ቀኑን ሙሉ ያጫውታል። ሳናውቀው ሾፌሮቻችን የመስመሩ ራዲዮ ጣቢያ ነበሩ።

የእኔ ዕድሜ ልጆች ካሴቱ ሲጠመጠም በቢክ እስክሪብቶ ስናጠነጥን፣ የቴፑን ራስ በአልኮል ስንወለውል ያደግን ነን። ዛሬ ካሴቱ የለም፤ ፍላሽና ብሉቱዝ ነው ያለው። የመኪናውን ማጫወቻ ግን አሁንም "ቴፕ" ነው የምንለው። ቃሉ ዕቃው ከሄደ በኋላም ቀርቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። አገውኛ በአማራ ራዲዮ የራሱ ሰዓት አለው፤ ግን ሰዓቱ የተወሰነ ነው። ከቆሰበር ወደ ቻግኒ በሚሄድ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ግን መንገዱን ሙሉ የአገውኛ ዘፈን ሊሰማ ይችላል፤ ሾፌሩ ፍላሹ ላይ ጭኖታል። በአማርኛ ብቻ ያደጉ የከተማ ልጆች የአያቶቻቸውን ቋንቋ ዘፈን እዚያ ሲያንጎራጉሩ ሰምቻለሁ። በትልልቅ ጣቢያ ብዙ ሰዓት ለማያገኝ ቋንቋ የሾፌር አምፕሊፋየር ቀላል ነገር አይደለም።

▪️ "ውይይት" እና "ወራጅ አለ!"

ጣጣውስ? በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ "ውይይት" የሚባሉ ታክሲዎች ነበሩ። ከኋላ ሰው የሚጭኑ መኪኖች ናቸው፤ ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጣል። ዘመኑ የውይይት ክበብ ዘመን ስለነበር ሕዝቡ "እነዚህም ውይይት ላይ ናቸው" ብሎ ስም አወጣላቸው። ስሙ ቀልድ ቢሆንም እውነት አለው፤ የጋራ መኪና ሰው የሚያወራበት ቦታ ነበር። የእህል ዋጋ፣ የለቅሶ ወሬ፣ የጋብቻ ጥየቃ ሁሉ እዚያ ይነሳል።

ሚኒባስ ሲመጣ ሁላችንም ወደ ፊት ዞረን ተቀመጥን። ስፒከሩ ሲበዛ ደግሞ ወሬው ቆመ። ዛሬ አንዲት አዛውንት ከኋላ ወንበር ሆነው "ወራጅ አለ!" ቢሉ ረዳቱ አይሰማም። መስኮቱን በሳንቲም ማንኳኳት ነው፤ ወይ ሁለት ፌርማታ ማለፍ ነው። ይህ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። የጋራ ቦታ ላይ አንዱ ብቻ የድምፅ ጉልበት ሲኖረው ሌላው ትንሿን መብቱን እንኳ መናገር ያቅተዋል። ከፍሎ የተሳፈረው ሰው "እባክህ ቀንሰው" ለማለት የሚያፍረውም ለዚህ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ደግሞ ራሱ ሾፌሩ ነው። የጤና ባለሙያዎች መለኪያ እንዲህ ይላል፦ በ85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ መቆየት የሚመከረው በቀን ቢበዛ 8 ሰዓት ነው፤ ድምፁ በየ3 ዴሲቤሉ ሲጨምር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ተሳፋሪ አሥር ደቂቃ ሰምቶ ይወርዳል፤ ሾፌሩ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ነው። ጆሮ ደግሞ አንዴ ከተጎዳ እንደ ስፒከር አይቀየርም።

▪️ "50 ዋት በ4" እና ሳጥኑ

ጉዳዩ ወደ ሳጥን አምፕሊፋየር እንዴት ደረሰ? የቴፖቻችሁን ፊት ተመልከቱ፤ "50 ዋት በ4" ይላል። ፊዚክስ የሚያስተምረው ባልደረባዬ በዚህ ሁሌ ይስቃል። ሒሳቡ የ9ኛ ክፍል ነው፦ ዋት ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፔር ነው። ከብዙ ቴፖች ጀርባ ያለው ፊውዝ 10 አምፔር ነው። የሚሠራ መኪና 14 ቮልት ገደማ ይሰጣል። 14 በ10 ሲባዛ 140 ዋት ነው። አራት ጊዜ 50 ግን 200 ነው። ከገባው በላይ እንዴት ይወጣል? ከገባውም ላይ ብዙው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። የተጻፈው ለቅጽበት የሚደርስበት ጣሪያ ነው እንጂ የሚሠራበት ጉልበት አይደለም።

ምክንያቱ ባትሪው ነው። በ14 ቮልትና በ4 ኦም ስፒከር፣ አንድ ስፒከር ጥርት ባለ ድምፅ የሚያገኘው ቢበዛ 20 ዋትን ትንሽ ያለፈ ነው። ቴፕ ውስጥ ያለችው ጥቁር ቺፕ የቱንም ያህል ጥሩ ብትሆን ከዚህ ግድግዳ አትዘልም። ግድግዳውን ለማለፍ ቮልቱ መጨመር አለበት፤ ቮልት በእጥፍ ሲያድግ ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናልና።

ይህን የሚያደርገው ነው እንግዲህ ከወንበር ሥር የሚቀመጠው ሳጥን። ውስጡ የባትሪውን ጉልበት በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየቆራረጠ በትራንስፎርመር ያሳድጋል። ቅድም ያዟት ያልኳችሁን ዘዴ አስታወሳችሁ? "ቆራርጠህ አሳድግ"! የ1930ዎቹ መሣሪያ በሚነዝር ብረት ይሠራው የነበረውን ዛሬ ትራንዚስተር ይሠራዋል። ትራንዚስተር ሲመጣ "አያስፈልግም" ተብሎ የተጣለው መላ፣ ሰው ትልቅ ድምፅ ሲፈልግ ተመልሶ መጣ። እ.ኤ.አ ከ1970ዎቹ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ የመኪና አምፕሊፋየሮች መሸጥ ጀመሩ፤ ዛሬ የቻይናውና ያገለገለው ሁሉ እኛ ገበያ ላይ አለ።

ግን ጉልበት በነፃ አይገኝም። የእውነት 500 ዋት የሚያወጣ ሳጥን ከ12 ቮልት ባትሪ 50 እና 60 አምፔር ሊስብ ይችላል። ትልቅ መኪና ይችለው ይሆናል። ባጃጅ ግን ባትሪዋም ቻርጇም ትንሽ ነው። ማታ አስተውሉ፦ ከበሮው በመታ ቁጥር የፊት መብራቷ ይደበዝዛል። የሚያምር ይመስላል እንጂ ባትሪው እየለመነ ነው።

▪️ ለምትገጥሙት ልጆቼ

አንዲት እናት በቅርቡ መንገድ ላይ አስቁመውኝ "መምህር፣ እስቲ ልጄን ምከርልኝ፤ ሽቦ ሲያገናኝ ነው የሚውለው፤ ይሄ የዱርዬ ሥራ ነው" አሉኝ። "እማማ፣ ሥራው የዱርዬ አይደለም፤ በደንብ ከተሠራ ሙያ ነው" አልኳቸው። ልባቸው ግን ያልተረጋጋው በሌላ ምክንያት ነበር፤ ባለፈው ክረምት አንዲት ባጃጅ ወንበሯ ሥር ሽቦ ቀልጦ ጭሳ ነበር። ሰው አልተጎዳም፤ ተሳፋሪዎቹ ቶሎ ወረዱ። ስለዚህ የቀድሞ ተማሪዎቼ ሆይ፣ ታሪኩ ያስተማረውን በአጭሩ ልበላችሁ።

1. ለሳጥኑ የሚሄደው የጉልበት ሽቦ ወፍራም ይሁን፤ በቀጥታ ከባትሪው ይምጣ። ከመብራት ወይም ከቁልፍ ሽቦ ላይ አትቀንጥሱ። ቀጭን ሽቦ ብዙ አምፔር ሲያልፍበት እንደ ምድጃ ይግላል።

2. ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን። ብዙዎቻችሁ ሳጥኑ ጋ ትገጥሙታላችሁ። ፊውዙ በዋናነት የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው መሀል ላይ ተልጦ ቦዲውን ቢነካ፣ ፊውዙ መጨረሻ ላይ ከሆነ ምንም አይከላከልም። የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ ወይም በሲጋራ ፎይል መተካት ደግሞ ለእሳት በር መክፈት ነው።

3. ኔጋቲቩን ከቦዲው ጋር ስታስሩ ቀለሙን ፋቁ፤ ብረቱ ይታይ፤ ሽቦውም አጭር ይሁን። ነዳጅ ሲሰጥ አብሮ "ዊይይይ" የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። የድምፅ ገመዱንም ከጉልበት ሽቦው አርቁ፤ አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ ይሂድ። የጋልቪን ሰዎች በ1930 የታገሉት ዓይነት ጩኸት ዛሬም አለ።

4. የሪሞት ሽቦውን በትክክል አገናኙ። ቴፑ ሲጠፋ ሳጥኑም ይጥፋ። አለበለዚያ ባትሪው ሌሊቱን ሲበላ አድሮ ጠዋት መግፋት ነው።

5. ጌይን የድምፅ መጨመሪያ አይደለም። ከቴፑ የሚመጣውን ምልክት ከሳጥኑ ጋር ማመጣጠኛ ነው። እስከ መጨረሻው ከተጠመዘዘ ድምፁ ይሻክራል፤ ስፒከሩም ይቃጠላል።

6. ለባጃጅ ትልቅ ሳጥን አትሽጡ። "ክላስ ዲ" የሚባለው ዓይነት ትንሽ ሳጥን ከባትሪው የሚወስደውን አብዛኛውን ወደ ድምፅ ይለውጠዋል፤ ሙቀቱም ትንሽ ነው። ደንበኛው "ትልቁን ግጠምልኝ" ቢል ሒሳቡን አስሉለት። ገንዘቡን ትቶላችሁ ቢሄድ እንኳ ባጃጁ ሳትቃጠል ትቀራለች።

ሰባተኛው ለሾፌሮች ነው፤ ምንም ወጪ የለውም። ረዳት ያለው መኪና ውስጥ፣ ረዳቱ "ወራጅ አለ" የሚለውን ከኋላ ወንበር መስማት እስኪችል ድረስ ብቻ ይከፈት። ባጃጅ ውስጥ ደግሞ ተሳፋሪው ድምፁን ሳያነሳ "እዚህ ጋ" ብሎ መውረድ ከቻለ ልኩ እሱ ነው። ጥሩ አምፕሊፋየር ዝቅ ብሎም ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል፤ የተገዛውም ለዚህ መሆን ነበረበት። ታማሚ ሲሳፈር፣ ለቅሶ የሚሄድ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲገባ መዝጋት ደግሞ ድሮም የነበረ የሾፌሮቻችን ጨዋነት ነው።

"አምፕሊፋየር ከባጃጅ ሁሉ ይነቀል" የሚሉ ወዳጆቼን ሐሳብ አከብራለሁ፤ ግን አልስማማም። በዚሁ ዕቃ ክትባት ተነግሮበታል፣ ቋንቋችን ተዘፍኖበታል፣ ስንት ልጅ እንጀራ በልቶበታል። "የእኔ መኪና ነው፣ እንደፈለግኩ" የሚሉ ሾፌሮችንም አልደግፍም። መኪናው ያንተ ነው፤ ውስጡ ያለው አየር ግን የሁላችን ነው።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አለኝ። በደርግ ጊዜና ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ–ባሕር ዳር ወይም በቆሰበር–ቻግኒ መስመር የነዱ አባቶች በየቤታችሁ አሉ። የመጀመሪያውን ቴፕ መቼ እንዳስገጠሙ፣ ማን እንደገጠመላቸው፣ የትኛው ካሴት መንገድ ላይ ደጋግሞ እንደተጠየቀ እባካችሁ ጠይቁልኝ። የሰማችሁትን ከታች ጻፉልኝ፤ ሰብስቤ ለተማሪዎች የክፍል ሥራ አደርገዋለሁ። ይህ ታሪክ እስካሁን በመጽሐፍ አልተጻፈልንም፤ ባለታሪኮቹ ግን ዛሬም አጠገባችን ናቸው።

መልካም መንገድ ለሁላችሁ።